2,300 ዕልባት ይዤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለ12 ዓመት ያህል ለክፍል ይጠቅመኛል ያልኩትን ሁሉ ቡክማርክ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን አሮጌውን ላፕቶፕ ስከፍት 2,300 ሊንክ ቁጭ ብሏል። ግማሹ አይከፈትም። ጽሑፍ ለበኋላ የሚያስቀምጠው ፖኬት ላይ ያጠራቀምኩት ጭራሽ የለም። ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ደግሞ ሌላ ጫካ አለ። ጓደኛዬ ‹የሞተውን ራሱ የሚያጸዳ ኤክስቴንሽን አለ፣ ጫኚና ተገላገይ› አለችኝ። ልጫነው? ወይስ የሚከፈልበት አፕ ልግዛ? ሌላው፣ ለዓመታት በነጻ የተጠቀምኩባቸውን መደገፍ እፈልጋለሁ። ግን 5 ዶላር ምን ሊሠራላቸው ነው? ከዚህስ ሆኜ እንዴት እልካለሁ?»

መልስ፦ ኤክስቴንሽኑን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ፕሮግራም) አይጫኑት። አፑንም ለጊዜው አይግዙ። ምክንያቱ ይመጣል። መጀመሪያ ግን «ያጠራቀምኩት» የምትለዋን ቃል እናስተካክላት። እርስዎ ያጠራቀሙት ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ አይደለም፤ አድራሻ ነው። ዕልባት (ክሮም በአማርኛው ቡክማርክን የሚጠራው እንዲህ ነው) የሰው ቤት የሚገኝበትን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪስ እንደመክተት ነው። «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊው በር»። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወረቀቱ ወሬውን አይሰማም። ከ12 ዓመት በኋላ ይዘውት ቢሄዱ ዳቦ ቤቱም የለም፣ በሩም የለም።

ስለዚህ ግማሹ አለመከፈቱ የእርስዎ ዝርክርክነት አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ የኢንተርኔት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። የእርስዎ ዝርዝርም ዕድሜው ያው ነው።

ነገር ግን «አይከፈትም» ሁሌ «ሞቷል» ማለት አይደለም። ኤክስቴንሽኑን የምቃወምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እነዚህ አጽጂዎች እያንዳንዱን አድራሻ ያንኳኳሉ፤ መልስ ካጡ ወይም «404» (ገጹ አልተገኘም) ከመጣላቸው ሞቷል ብለው ይመዘግባሉ። የሚያንኳኳው ሮቦት መሆኑን አውቀው በር የሚዘጉ ድረ ገጾች ግን ብዙ ናቸው። በይለፍ ቃል ብቻ የሚከፈቱ አሉ። የደኅንነት ሰርተፍኬታቸው ጊዜው ያለፈበትም አሉ። ለጊዜው ብቻ የተዘጉም አሉ። የብሪቲሽ ላይብረሪን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የሳይበር ጥቃት ደረሰበትና በዲጂታል ያስቀመጣቸው የብራና መጻሕፍት፣ የግዕዞቹን ጨምሮ፣ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍተው ቆዩ። በዚያ ሰሞን አጽጂ ያስነሳ ተመራማሪ ካለ፣ ነገ የሚያስፈልገውን ከሞተው ጋር አብሮ ጠርጎ ጥሎታል።

ተቃራኒውም አለ። ይከፈታል፣ ግን ሞቷል። የድረ ገጹ ባለቤት ዓመታዊ ክፍያውን ሳያድስ ሲቀር ስሙን ሌላ ሰው ይገዛዋል። ስለ ሌንስ የተጻፈ ማስታወሻ ብለው ያስቀመጡትን ሊንክ ሲነኩት የቁማር ማስታወቂያ ይዘረገፋል። ለአጽጂው ይህ ጤነኛ ነው። በሩ ተከፍቷላ!

የፊዚክስ መምህርት ስለሆኑ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት በብዛት ይገጥምዎታል። ገጹ ይመጣል፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ መሐል ላይ ግን ባዶ ግራጫ ሳጥን። ይህ ድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎችን ያሳይ የነበረው ፕሮግራም፣ የፍላሽ መቃብር ነው። አዶቤ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቋረጠው፤ ብሮውዘሮችም አስወጡት። ያኔ ያስቀመጧቸው የፔንዱለምና የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሙከራዎች ብዙዎቹ በፍላሽ ወይም በጃቫ የተሠሩ ነበሩ። ደግነቱ ጥሩ ጥሩዎቹ ልብስ ቀይረው ተመልሰዋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲውን ፌትን በእርግጥ ያውቁታል። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። አሮጌ ሲሙሌሽኖቹን (በኮምፒውተር የሚሠሩ ሙከራዎቹን) ብሮውዘር ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም በሚያነበው በኤችቲኤምኤል5 እንደ አዲስ ሲሠራቸው ቆይቷል፤ አሁን ስልክ ላይም ይከፈታሉ። እንዲህ ላለው የድሮውን ሊንክ ማባረር ድካም ነው። የሙከራውን ስም ይዘው እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት።

ወደ ኤክስቴንሽኑ ልመለስ። ሁለተኛው ምክንያቴ ይከብዳል። ሲጭኑት የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ አንብበው ያውቃሉ? አብዛኞቹ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ለማንበብና ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ኢሜይልዎም፣ የባንክ ገጽዎም፣ የተማሪዎች ውጤት የሚሞሉበትም እዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ታማኝ የሆነ ኤክስቴንሽን ነገ ለሌላ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት የሚልከው ዝማኔ ሳይጠይቅዎት ይገባል። አሮጌ ሊንክ ለመጥረግ የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ለማያውቁት ሰው መስጠት እኔን አይዋጥልኝም።

የሚከፈልበትስ? እዚህም ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገንዘብ መክፈል ዋስትና አይደለም። ፖኬት እ.ኤ.አ. በ2007 «ሪድ ኢት ሌተር» ተብሎ ተጀመረ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ገዛው፣ በእኛው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ያስቀመጡትን ጽሑፍ ቅጂ በቋሚነት እናኖርላችኋለን የተባሉ ከፋይ ደንበኞችም ነበሩት። እነሱም አብረው ወጡ። ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ወራት ዝርዝርን ማውረድ ይቻል ነበር፤ ያም ጊዜ አልፏል። ያወረዱትም ቢሆኑ ያገኙት ርዕስና አድራሻ እንጂ የጽሑፉን ገላ አይደለም። ስለዚህ በፖኬቱ ብዙ አይቆጩ።

ትልቅነትም ዋስትና አይደለም። ዴሊሸስ የዕልባት ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፣ በ2005 ያሁ ገዛው፣ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲንከባለል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማን ገዛው ይመስልዎታል? ፒንቦርድ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያስተዳድረው፣ ገና ከጅምሩ ተጠቃሚውን የሚያስከፍል ትንሽ ሱቅ። ዋጋው 35 ሺህ ዶላር። ይህን ታሪክ ስሰማ እስካሁን ያስቀኛል። ኦምኒቮር የተባለውም በብዙ ሰው የተወደደ ነጻ መሣሪያ ነበር። በ2024 ቡድኑ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲሄድ ተጠቃሚው ዕቃውን እንዲያወጣ የተሰጠው ጥቂት ሳምንት ነው።

ታዲያ ዋስትናው የቱ ጋ ነው? እርስዎ እጅ ላይ ባለ ፋይል ውስጥ። «ስልኬና ላፕቶፔ እንዲመሳሰሉ ሲንክ አድርጌያለሁ እኮ» እንዳይሉኝ። ሲንክ መጠባበቂያ አይደለም። ልጅዎ ስልኩ ላይ ሲነካካ አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ላፕቶፑም ታዝዞ ያጠፋዋል። ሲንክ ጥሩውንም ጥፋቱንም እኩል ያደርሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። አሮጌውን ላፕቶፕ ከዋይፋይ ያላቁትና ክሮምን ይክፈቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ኦ» (O) አንድ ላይ ይጫኑ። የዕልባት ማስተዳደሪያው ሲመጣ በላይ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ወደ ውጭ ላክ የሚለውን ይምረጡ። አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይወጣል። ስሙ ላይ ቀኑን ይጻፉበት። አንዱን ፍላሽ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ለራስዎ ኢሜይል። ይህ የፋይል ዓይነት ኔትስኬፕ ከተባለው የድሮ ብሮውዘር ዘመን የመጣ ነው፤ ክሮምም ፋየርፎክስም ዛሬም ይቀበሉታል። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ መፈለግ ነው። ማደራጀት አላልኩም። 2,300 ሊንክ በፎልደር መደርደር የክረምት ዕረፍትን የሚበላ ሥራ ነው፤ ሲያልቅም ተመልሰው አያዩትም። እኔ ራሴ «ለበኋላ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። ሲሞላ «ለበኋላ 2» ከፈትኩ። ከዚያ በላይ አላፍርም።

ክሮም ላይ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ «@» ብለው ዕልባቶችን ሲመርጡ ፍለጋው እነሱ ውስጥ ብቻ ይሆናል። ፋየርፎክስ ላይ የኮከብ ምልክቷን (*) ጽፈው ክፍተት ይተዉና ቃሉን ያስከትሉ። ለእንግሊዝኛ ርዕሶች ይህ ይበቃል። ለአማርኛ ግን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «የለም» ተብለው የቀሩ ብዙ ነገሮች አሉ።

ስለ ፀሐይ ኃይል ያስቀመጡትን ጽሑፍ ፈለጉ እንበል። «ፀሐይ» ብለው ጻፉ፤ ምንም አልመጣም። የለም ማለት አይደለም። ርዕሱን የጻፈው ሰው «ፀሀይ» ብሎት ይሆናል። ወይም «ጸሐይ»። ወይም «ጸሀይ»። ለእኛ ጆሮ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ኃይል» ራሱ ሃይልም፣ ሀይልም፣ ኀይልም ሆኖ ይመጣል። መላው፣ የሚለዋወጠውን ፊደል ሸሽቶ ጎረቤቱን መፈለግ ነው። «የመሬት ስበት» ከሆነ «ስበት»ን ይተዉት፣ «ሥበት» ተብሎም ይጻፋልና፤ «መሬት» ብለው ይፈልጉ። መሬትን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚጽፋት።

ሁለተኛው ወጥመድ ቃሉ ላይ የምንለጥፋቸው ፊደላት ናቸው። የብሮውዘር ፍለጋ ብዙ ጊዜ ከቃል መጀመሪያ ነው የሚነሳው። «ብርሃን» ሲሉት «የብርሃን» እና «ስለብርሃን» ላይታዩት ይችላሉ። ለዚህ ግን ያወጡት ፋይል መድኃኒት ነው። ፋይሉን ብሮውዘር ላይ ይክፈቱትና ኮንትሮልና ኤፍ ይጫኑ። ይኼኛው ፍለጋ ቃል መሐልም ይገባል፤ «ብርሃን» ብለው «የብርሃን»ን ያገኛሉ። ብዙ ሰው ይህን ፋይል አውጥቶ ያስቀምጠዋል እንጂ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ሊነበብ እንደሚችል አያውቅም። እስኪ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ያንሸራትቱት። የረሱት ነገር በዓይንዎ ላይ ሲያልፍ ይለዩታል።

በነገራችን ላይ፣ የአማርኛ ገጽ ተከፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ነገር ካዩ አልተበላሸም። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አቀማመጥ ነበረው። የዚያ ዘመን ጽሑፍ ፎንቱን ካላገኘ እንዲህ ነው የሚታየው። የድሮ ፒዲኤፎችም በዓይን ይነበባሉ፣ ሲፈለጉ ግን አይገኙም። ለእንዲህ ያለው ዕልባት ርዕሱን በራስዎ አማርኛ እንደገና ይጻፉለት።

አሁን ምርጫ። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፦ በዚህ ዓመት ክፍል ይዤው እገባለሁ? «አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚለውን እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይተዉት፤ የትም አይሄድም። ከ2,300ው ሃምሳ ከወጣልዎ ብዙ ነው።

ከሃምሳዎቹ ውስጥ አልከፈት ያለውን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ይሞክሩት። ድርጅቱ ሳን ፍራንሲስኮ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 መሠረተው። ዌይባክ ማሽን የሚባለው ክፍሉ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሞተውን አድራሻ ሳጥኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ገጹ የተቀዳባቸው ቀናት በካሌንደር ላይ ክብ ክብ ሆነው ይመጣሉ። ዕልባቱን ካደረጉበት ዓመት አጠገብ ያለውን ይንኩ። ጽሑፍና ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በይለፍ ቃል የሚከፈት ገጽ አይኖርም። አንዳንድ የፍላሽ ሥራዎችን ደግሞ ራፍል በሚባል አስመሳይ ፕሮግራም እዚያው ብሮውዘር ላይ ያስነሳልዎታል፤ የፌቱን ዓይነት ምትክ ያላገኙለትን እዚያ ይፈልጉት።

ያገኙትን ያውርዱት። የሚከፈተውንም ጭምር፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ፕሪንት ብለው ፒዲኤፍ አድርገው ማስቀመጥ ይበቃል። ከመቶ በላይ ከሆነብዎትና ምንጭ እየጠቀሱ የሚጽፉ ከሆነ ግን ዞቴሮን ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ምንጩ ክፍት ነው፣ ከአድራሻው ጋር የገጹንም ቅጂ ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጣል። አፕ ካማረዎት የምመክረው እሱን ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ የተማሪ ስም ወይም ውጤት ያለበትን ገጽ አርካይቭ ላይ አያስቀምጡ። እዚያ የገባ ነገር ለዓለም ክፍት ነው።

ቴሌግራሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። ከቻናል ፎርዋርድ ያደረጉት ጽሑፍ ቅጂ ነው፤ ቻናሉ ቢያጠፋው እርስዎ ጋ ብዙውን ጊዜ ይቀራል። የቻናሉን ሊንክ ብቻ ከላኩ ግን ያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ሰፈር ነው። ሊንኮቹን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ትር አለ፤ እሱን ይጠቀሙ። ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ሙሉ ውይይቱን ማውረድም ይቻላል፣ ያውርዱት። አካውንቱ ሴቲንግ ላይ የተቀመጠውን ጊዜ ያህል ሳይከፈት ከቆየ ራሱን ያጠፋል። ሲምዎ ጠፍቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠም መግቢያው ይጠፋብዎታል።

ድጋፉን በተመለከተ፣ 5 ዶላር ምን ይሠራል ለሚለው መልሱን እድርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። የወሩን መዋጮ የሚከፍሉት በዚያ ወር ሰው ስለሞተብዎት አይደለም። ድንኳኑና ወንበሩ በሚፈለግበት ቀን እንዲገኝ ነው። እነዚህ መሣሪያዎችም የሚቆሙት እንዲሁ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተረስቶ ነበር። ዛሬ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራው በአብዛኛው ተጠቃሚው በሚያዋጣው ትንንሽ ገንዘብ ነው።

ግን በየወሩ 1 ዶላር አይላኩ። የተለመደው የአሜሪካ የካርድ ተመን 2.9 በመቶና በላዩ 30 ሳንቲም ነው። ከ1 ዶላር ላይ 33 ሳንቲሙን መንገድ ይበላዋል። በዓመት አንዴ 12 ዶላር ቢልኩ መንገድ የሚበላው 65 ሳንቲም ብቻ ነው። በዓመት አንዴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት፣ ሰብሰብ አድርገው።

ለማን? እኔ ቢሆን አርካይቭ ይቀድማል። የሌሎቹ ሞት ሲደርስ ሬሳውን የሚያነሳው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ራሱ በሳይበር ጥቃት ለቀናት ጠፍቶ ሲቀር ስንቶቻችን እንደደነገጥን አስታውሳለሁ። ሁለተኛው ፌት ይሁንልዎ፣ ክፍልዎ ውስጥ ስለሚጠቀሙበት። ከመላክዎ በፊት ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይለዩ። ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን መዋጮ አይቀበልም፤ ሠሪው ሬይመንድ ሂል የሚታገዱትን ማስታወቂያዎች ዝርዝር ለሚያዘጋጁት ስጡ ነው የሚለው። በተመሳሳይ ስም የተከፈተ ሌላ ድረ ገጽ ግን በአንድ ወቅት መዋጮ ይሰበስብ ነበር። ስለዚህ በኢሜይል የመጣን የ«ደግፉን» ሊንክ አይንኩ፤ አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ይግቡ።

ከአዲስ አበባ መላኩ እውነትም ይቸግራል። የብር ካርድ አይሠራም። ባንክዎ ለኢንተርኔት ክፍያ የሚሆን ዓለም አቀፍ ካርድ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ካልሆነ ውጭ ያለ እህት ወይም የአክስት ልጅ በዓመት አንዴ ቢከፍልልዎ ነገሩ አለቀ። ቴሌግራም ላይ «ብሩን ላኪ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚሉ ደላሎችን ይተዉዋቸው።

ደግሞም ከእርስዎ ዓይነት ሰው ገንዘብ የማይገዛው ነገር አለ። ፌት ማንም መምህር ሲሙሌሽኖቹን በራሱ ቋንቋ የሚተረጉምበት መሣሪያ አዘጋጅቷል። «ፍሪክሽን»ን «ሰበቃ» ብሎ ተማሪው በሚያውቀው ቃል የሚተካ የኮምፒውተር ባለሙያ አያገኙም፤ የፊዚክስ መምህር ነው የሚያስፈልገው። አማርኛ ዊኪፔዲያም ያለው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው፤ ከገንዘብዎ በፊት አንድ ጥሩ የፊዚክስ ጽሑፍ ቢያገኝ ይመርጣል። የሚጠፋ የሚመስልዎትን ጠቃሚ የአማርኛ ገጽ ሲያዩ አርካይቭ ላይ «አሁን አስቀምጥ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይለጥፉት። አንድ ደቂቃ ነው፣ ብርም አይፈልግም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዎታል። ፋይሉን ያውጡ፣ በዓይንዎ ያንሸራትቱት፣ ሃምሳውን ይምረጡ፣ ቅጂያቸውን ያውርዱ። ሌላውን አይንኩት፣ አይሰርዙት። በዓመት አንዴ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ባለው ሳምንት፣ አዲስ ፋይል ያውጡ። የዓመቱን መዋጮም ያን ቀን ይላኩ።

አንድ ነገር ግን። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ፋየርፎክስ ካለ ሳያዩት ፎርማት እንዳያስደርጉት። ፋየርፎክስ ሳይነግርዎ የዕልባቶችን መጠባበቂያ በየጊዜው ያስቀምጣል፤ እስከ 15 ድረስ ይይዛል። የዕልባት ማስተዳደሪያው ውስጥ መልስ (ሪስቶር) የሚለውን ሲነኩ ቀናቱ ተደርድረው ይመጣሉ። ከመንካትዎ በፊት ግን ያለውን ኤክስፖርት ያድርጉ፤ የድሮውን ሲመልሱ የአሁኑን ይተካዋል።